አንድ ቀዳዳ፣ ሁለት ቀዳዳ፦ በእጅ የሚሞላ ዝግተኛ የሽጉጥ ጥይት

በእጅ የሚሞላ ጥይት አንዴ የተተኮሰ ቀለህ ተጠርጎና ቅርጹ ተስተካክሎ፣ አዲስ ካፕሱል፣ ባሩድና አረር ገብቶለት ለሁለተኛ ተኩስ የሚበቃ ጥይት ነው። ዝግተኛ የሚባለው ባሩዱ ተቀንሶ ወይም አረሩ ከብዶ፣ ፍጥነቱ ከድምፅ ፍጥነት በታች እንዲሆን የተሞላው ነው። ራስን ለመከላከል ሽጉጥ የሚይዙ ሰዎች የሚፈልጉት ክንድ ላይ የሚያሳርፈው ምትና ድምፁ በአብዛኛው ስለሚለዝብ ነው፤ ጆሮን ግን ያው መሸፈን ያስፈልጋል።

ጥይት አራት ነገር ነው፤ ካፕሱሉ እሳት ይለኩሳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ አረሩ ይሄዳል፣ ቀለሁ ሁሉንም ይይዛል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አረሩ ነው። ቀለሁ ግን መሬት ላይ ወድቆ ይቀራል፤ ዕድል ከቀናው የልጆች ፊሽካ ወይም የኩል ማስቀመጫ ይሆናል። ይህ ትልቅ በደል ነው፤ ምክንያቱም ከአራቱ ውስጥ እጅግ ብልህ ሆኖ የተሠራው እሱ ነው። ጥሩ ቀለህ ሰባ እጅ መዳብና ሠላሳ እጅ ዚንክ የተቀላቀለበት ናስ ነው። ባሩዱ ሲነድ ናሱ ተለጥጦ ከጥይት ማጉረሻው ግድግዳ ጋር ይጣበቅና ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ ይደፍናል። ግፊቱ እንዳለፈ ደግሞ መልሶ ይኮማተርና በቀላሉ ይወጣል። ብረት ቀለህ ይህን ያህል አይታዘዝም።

ቀለህ እንደገና መሞላት መቻሉና አለመቻሉ የሚታወቀው ከቂጡ ነው። ባዶውን ቀለህ ወደ ፀሐይ አቅንቶ በአፉ በኩል ወደ ውስጥ የተመለከተ ሰው ወይ መሐል ላይ አንድ ቀዳዳ፣ ወይ ጎን ለጎን ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያያል። አንድ ከሆነ ቀጭን ዘንግ በአፉ አስገብቶ መታ ቢያደርጉት አሮጌው ካፕሱል ይወድቃል። ሁለት ከሆኑ ግን በመካከላቸው ከቀለሁ ጋር አብራ የተሠራች ጉብታ አለች፤ ካፕሱሉ እንደ አንጥረኛ መስፍ እየተጠቀመባት ይመታል። ዘንጉ ጉብታዋ ላይ ይቆማል፤ ካፕሱሉም አይወጣም። ባለ አንዱን እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰር፣ ባለ ሁለቱን አሜሪካዊው ሃይረም በርዳን አወጡት፤ ሁለቱም በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ.። አስገራሚው ነገር ዛሬ የአሜሪካ ጥይት የእንግሊዙን፣ አብዛኛው የምሥራቅ አውሮፓ ጥይት ደግሞ የአሜሪካዊውን መንገድ መከተሉ ነው። በእኛ አገር በብዛት የሚታየው የክላሽና የማካሮቭ ጥይት በአመዛኙ ባለ ሁለት ቀዳዳ፣ ብዙውን ጊዜም ብረት ቀለህ ነው። እሱን እሞላለሁ ብሎ መታገል ድካም ብቻ ነው።

የቦክሰር ሥራ ለወሎ እንግዳ አይደለም። ከአቀስታ በስተሰሜን፣ ከመቅደላ አምባ ሥር ባለው አሮጌ ሜዳ ላይ በስቅለት ዕለት ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ወታደሮች የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት የገጠሙት አገሬው በኋላ «ሰናድር» ባለው ጠመንጃ ነበር። ጥይቱን የነደፈው ራሱ ቦክሰር ነው። ሰናድር ከኋላ ይጎርሳል፤ ባሩዱ፣ አረሩና ካፕሱሉ በአንድ ቀለህ ተጠቃለው ይገባሉ። የቴዎድሮስ ሰዎች ባሩዱንና አረሩን በአፈሙዝ እየከተቱ ሲተኩሱ፣ ያኛው ወገን ቀለህ እያወጣ ቀለህ ያጎርሳል። በዚያ ቀን ከኢትዮጵያውያን የሞቱት ወደ 700 ይገመታሉ፤ ከእንግሊዞቹ የሞቱት ሁለት ናቸው። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የሚነገረው በመድፍና በሮኬት ነው፤ ቀለሁ ግን ድርሻውን ተነፍጓል።

ከሰናድር ቀጥሎ የመጣው ውጅግራ ነው፤ ስሙ ፈረንሳዮች «ፊዚ ግራ» ከሚሉት የተወረሰ ነው። ዓድዋ ላይ ከዋናዎቹ ጠመንጃዎች አንዱ ነበር፤ ጥይቱም እንደ አሞሌ ጨው በገበያ ለመገበያያ እስከመዋል ደርሷል። አረሩ ከድምፅ ቢፈጥንም፣ ክብደት ዝግታን እንዴት እንደሚክስ ለማስተማር ከውጅግራ የተሻለ የለም። አረሩ 25 ግራም ይመዝናል፤ በሰከንድ ወደ 450 ሜትር ይጓዛል። የክላሽ አረር ስምንት ግራም አይሞላም፤ ፍጥነቱ ግን ከ700 ሜትር ይበልጣል። ስሌቱ ሲሠራ ከአፈሙዝ ሲወጣ ጉልበቱ የሚበልጠው ያ ዘገምተኛው ሽማግሌ ነው። በሽጉጥም እንደዚያው ነው፦ ባለ 45 ሽጉጥ 15 ግራም አረር በ255 ሜትር፣ ባለ 9 ሚሊ ሜትሩ 8 ግራም በ350 ሜትር ሲተኩሱ ጉልበታቸው እኩል ለእኩል ነው። ዝግተኛ ጥይት ደካማ ነው የሚል ሰው ክብደቱን ረስቷል።

ከዚህ የሚብሰው ስሕተት ግን የተገላቢጦሹ ነው፤ «ባሩድ ከተቀነሰ አደጋም ይቀንሳል» የሚለው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1898 ያወጣው ባለ 38 የሪቮልቨር ጥይት ቀለሁ ረጅም ነው፤ የተሰላው ለጥቁር ባሩድ ነበርና። ዘመናዊው ጭስ አልባ ባሩድ ትንሽ ቦታ ብቻ ስለሚይዝ ቀለሁ ከግማሽ በላይ ባዶ ይቀራል። በዚያ ባዶ ቦታ ሁለት አደጋ ይደበቃል። አንደኛው፣ ሞዪው ተዘናግቶ ሁለቴ ቢሞላው ባሩዱ ሞልቶ አይፈስም፤ ማንም ሳያይ አረሩ ከላይ ይደፈንበታል፤ ሲተኮስ ሽጉጡን ይሰነጥቃል። ሁለተኛው፣ ባሩዱ እጅግ ካነሰ አረሩ በርሜሉ መሐል ተቀርቅሮ ይቀራል፤ የሚከተለው ጥይት ከኋላው ሲመጣ በርሜሉ ያብጣል ወይም ይፈነዳል። ባሩዱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መንሸራተቱም ፍጥነቱን ከተኩስ ተኩስ ያለያየዋል። እንደ ማካሮቭ ባሉት፣ በገዛ ጥይታቸው ግፊት በሚጎርሱ ሽጉጦች ደግሞ ደካማ ጥይት ቀለሁን በወጉ ሳያወጣ አጣብቆት ይቀራል። የማካሮቭ ጥይት ከፋብሪካው ሲወጣም በ320 ሜትር አካባቢ ስለሚሄድ ዝግ ማድረጉ ትርፍ የለውም።

ዝግተኛ ጥይት የሚለካበት የድምፅ ፍጥነት ራሱ በከፍታ ሳይሆን በሙቀት ይወሰናል። ደጋው አቀስታ ላይ ጠዋት 5 ዲግሪ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 334 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ኮምቦልቻ ላይ ቀን 28 ዲግሪ ሲሆን 348 ይደርሳል። ስለዚህ 340 ሜትር የሚሄድ አረር ኮምቦልቻ ላይ ሳይጮህ ያልፋል፤ ወደ ደጋ ሲወጣ እንደ ጅራፍ ይጮሃል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚገዛው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ያለ ፈቃድ በየቤቱ ጥይት መሙላት የሚቻልበት አገር አይደለም። ባለ ፈቃዱም ቢሆን ጥይቱን በቅባት የሚያሽ ከሆነ ከወዲሁ ቢተው ይሻለዋል፤ ቅባቱ ወደ ካፕሱሉ ሰርጎ ያከሽፈዋል።  በርሜል ውስጥ የተቀረቀረ አረር ደግሞ በድምፁ ይጠረጠራል፤ የማንኛውም ጥይት ድምፅ ከወትሮው ቀንሶ «ጡፍ» ካለ ሁለተኛ ቃታ አይሳብም። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ዞሮ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ ጥይቱ ይራገፋል፤ በርሜሉ ውስጥ ብርሃን እስኪታይ ድረስም ሽጉጡ እንደገና አይጎርስም።