ባለ 19 ነጥቡ ወረቀት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለቀዶ ሕክምና ክፍሎች ያወጣው የደኅንነት ማረጋገጫ ቼክሊስት አንዲት ገጽ ወረቀት ነው። 19 ነጥቦች አሉት፤ ሥራው ሦስት ጊዜ ቆም እንዲልም ያዝዛል፦ ሕመምተኛው ማደንዘዣ ከመውሰዱ በፊት፣ ቆዳው በምላጭ ከመነካቱ በፊት፣ ከክፍሉም ከመውጣቱ በፊት። የሚጠይቃቸው ነገሮች ለሰሚው ተራ ናቸው። ይህ ሰው ማን ነው? ቀዶ ሕክምናው በየትኛው ጎኑ ነው? አንቲባዮቲክ ባለፈው አንድ ሰዓት ውስጥ ወስዷል? ጎዙና መርፌው ተቆጥሮ ሞልቷል? ከእነዚህ አንዱን እንኳ የማያውቅ ቀዶ ሐኪም የለም። ታዲያ ሁሉም የሚያውቀውን ጽፎ ጮክ ብሎ ማንበብ ምን ይፈይዳል? ተቋማት ሥራቸውን እንዴት እንደሚያሻሽሉ የሚያጠናው የምርምር ዘርፍ ብዙ ከተከራከረባቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፤ የተገኘውም መልስ ወረቀቱን የሚያወድሱትንም የሚያጣጥሉትንም የሚያስደስት አይመስለኝም።

ሐሳቡ ከሐኪሞች አልመነጨም። በኦክቶበር 1935 እ.ኤ.አ. ቦይንግ ለአሜሪካ ጦር ለማሳየት ኦሃዮ ያመጣው ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን ገና እንደተነሣ ወደቀ። ሞተሩ ደኅና ነበር፤ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሳለ የጅራቱን መሪ የሚቆልፈው መያዣ ሳይፈታ ቀርቶ ነው። አብራሪው ደግሞ ልምድ ያካበተ ፈታኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት የሚያነቡት አጭር ዝርዝር ተዘጋጀ፤ ያው አውሮፕላን ቢ-17 ተብሎ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በሺዎች ተመረተ። ሐኪሞች ተመሳሳዩን ሲሞክሩ ውጤቱ አስደናቂ መሰለ። ከቶሮንቶና ከለንደን እስከ ኒው ዴልሂና ታንዛኒያ ኢፋካራ ድረስ በስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 በታተመው ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8፣ ከባድ ችግር የሚገጥማቸው ደግሞ ከ11 በመቶ ወደ 7 ወርደዋል። ይህን ያህል ለውጥ ያመጣ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ዋጋው አይቀመስም ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ ግን የካናዳዋ ኦንታሪዮ ውጤት መጣ። የአውራጃው ሆስፒታሎች ቼክሊስቱን ምን ያህል እንደሚጠቀሙ ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ከ2010 ጀምሮ ግዴታ ተጥሎባቸው ነበር፤ ሪፖርታቸውም ከመቶ ዘጠና በላይ የሚል ነበር። ተመራማሪዎች 101 ሆስፒታሎች ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ቀዶ ሕክምናዎችን ሲመረምሩ፣ ሞት ከ0.71 በመቶ ወደ 0.65 ብቻ ዝቅ ብሎ አገኙት፤ በስታቲስቲክስ ሚዛን ከአጋጣሚ የማይለይ ልዩነት ነው። ተጠራጣሪዎች ወረቀቱ ከንቱ ነው አሉ። በእኔ አስተያየት ግን ኦንታሪዮ የለካው ሌላ ነገር ነው። በሪፖርቱ ላይ የተቆጠረው ሣጥን ውስጥ የገባው ምልክት ነው፤ ምልክቱ ሲደረግ ቡድኑ በእርግጥ ቆም ብሎ ተነጋግሮ እንደሆነ ሪፖርቱ አይነግረንም። ሪፖርት አሟላ የተባለ ክፍል ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። እርግጥ ነው፣ መነሻው ሞት ዝቅተኛ በሆነበት አገር የሚወርድለት ቦታም ጠባብ ነው።

ወረቀቱ የሚሠራው በምን በኩል እንደሆነ በይበልጥ ያሳየው የአሜሪካዋ ሚሺጋን ተሞክሮ ይመስለኛል። እዚያ የተፈለገው በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ወደ ትልቅ የደም ሥር በሚገባው ቱቦ ሳቢያ የሚመጣውን ኢንፌክሽን መቀነስ ነበር። ዝርዝሩ አምስት እርምጃ ብቻ ነበር፤ እጅን መታጠብና ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት የመሳሰለ። ከዝርዝሩ ጎን ግን ሌላ ነገር ተለወጠ። ነርሷ፣ ሐኪሙ አንድ እርምጃ ሲዘል ካየች፣ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ሥራውን የማስቆም ሥልጣን ተሰጣት። የሚያስፈልገው ዕቃ በአንድ ጋሪ ላይ ተሰብስቦ ቀረበ። የኢንፌክሽኑ ቁጥር በየወሩ ለክፍሉ ተመለሰ። በ18 ወር ውስጥ አማካዩ፣ ቱቦው በሕመምተኛ ላይ በቆየበት በየ1000 ቀኑ፣ ከ7.7 ወደ 1.4 ወረደ። ታላቅን ማረም ነውር በሆነበት ክፍል ይህ ሥልጣን ከወረቀቱ ይልቅ ከባዱ ለውጥ ነው፤ የወረቀቱ ጥቅም ለታናሹ የመናገሪያ ሰበብ መስጠቱ ላይ ነው።

ይህን ሐሳብ የሚፈታተን ማስረጃም አለ፤ አልፎት መሄድ አይገባም። እንግሊዝ ሚሺጋንን ለመከተል ስትሞክር ኢንፌክሽኑ ገና ፕሮግራሙን ባልጀመሩ ክፍሎችም ይቀንስ ነበር፤ ስለዚህ የዘመኑ አጠቃላይ መሻሻል ለቼክሊስቱ እንዳይቆጠርለት መጠንቀቅ ያሻል። የበለጠ የሚከብደው በ2017 የታተመው የሕንዷ ኡታር ፕራዴሽ ጥናት ነው። ከ120 የጤና ተቋማት በግማሾቹ ለወሊድ የተዘጋጀ ቼክሊስት ከአሠልጣኝ ጋር ተሞከረ፤ አዋላጆቹ የሚገባውን መሥራት ጀመሩ፣ የእናቶችና የጨቅላዎች ሞት ግን ከሌሎቹ ተቋማት አልተለየም። ባሕርይ መለወጥ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ደም፣ ኦክስጅን ወይም ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል የሚያደርስ አምቡላንስ በሌለበት መነጋገር ጉድለቱን ያሳውቃል እንጂ አይሞላም።

ጉድለቱ ከታወቀ በኋላ ማን ይሙላው? በኢትዮጵያ በአምስት ሆስፒታሎች የተሞከረው፣ ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት «ክሊን ከት» ያለው ፕሮግራም የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል። ቼክሊስቱን አስቀምጦ አልሄደም፤ መሣሪያው ከታጠበበት ጀምሮ በማምከኛው ኦቶክሌቭ በኩል አልፎ ጠረጴዛው ላይ እስኪደርስ፣ አንቲባዮቲኩም ከታዘዘበት እስኪሰጥ ድረስ መንገዱን ከሆስፒታሉ ሠራተኞች ጋር እየተከተለ የት እንደሚሰናከል መዘገበ፤ መፍትሔውንም እነሱው አበጁት። በ2021 በታተመው ውጤት የቁስል ኢንፌክሽን አደጋ በሲሶ ያህል ቀንሷል። ተቋማቱ አምስት ብቻ መሆናቸውና ንጽጽሩ የበፊትና የበኋላ መሆኑ ማስረጃውን ያሳሳዋል። አሠልጣኝ ሲሄድ የሚሆነውንም ኡታር ፕራዴሽ አሳይቷል፦ በሁለተኛው ወር ከሚገቡት ተግባራት 73 በመቶ ያህሉ ይፈጸሙ ነበር፣ በዓመቱ፣ ሥልጠናው ካበቃ በኋላ፣ ወደ 62 ወርደዋል። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ልጀምር የሚል ሆስፒታል ወረቀቱን ከማባዛቱ በፊት ቆጠራውን በየወሩ የሚሠራ ሰውና የዚያን ሰው ደመወዝ በበጀቱ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል።