በአሜሪካ የመንግሥት ዱር ስለሚደረገው የዋላ አደንና ስለ ባለርስቶች ወሰን

በአሜሪካ በምዕራቡ ክፍል ካለው ተራራና ዱር ብዙው የመንግሥት ነው። ዳዊት የደገመ ሁሉ በስሙ የሚያውቀው ዋላና ከእርሱም እጅግ የሚበልጠው፥ ኤልክ የሚባለው ታላቅ ዋላ በዚያ ይሰማራሉ። መሬቱና ዛፉ የማዕከላዊው መንግሥት ሲሆን አውሬውን የሚጠብቀው ግን የየግዛቱ አስተዳደር ነው፤ ስለዚህ ለማደን የሚያስብ ሰው የሁለቱንም ሕግ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ዝግጅቱ ጠመንጃ ከመወልወል አይጀምርም። ዋዮሚንግ በሚባለው ግዛት፥ አደኑ በመከር ሲሆን፥ ከሌላ ግዛት የሚመጣ ሰው ለኤልክ ፈቃድ ገና በብርዱ ወራት ማመልከቻ አግብቶ ዕጣ ይጠብቃል። ፈቃዱም የአውሬውን ዓይነት፥ ቀበሌውንና ቀኑን ለይቶ ይወስናል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ የተወለደ ሰው የአደን ትምህርት መማሩን የሚያስረዳ የምስክር ወረቀት ሊይዝ ይገባዋል። በጠመንጃ የሚያድንም፥ ሌላው አውሬ መስሎት እንዳይተኩስበት፥ ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ልብስ ይለብሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሥጋው ነገር ነው። ወንዱ ኤልክ 300 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፥ ቆዳው ቶሎ ተገፎ ካልበረደ በቀዝቃዛ ቀን እንኳ ይበላሻል፤ የሚበላውንም ሥጋ ጥሎ መሄድ በሕግ ያስቀጣል። አውቶሞቢል በካርታ ከተፈቀደለት መንገድ ስለማይወጣ ሥጋው የሚወጣው በሰው ጀርባ ወይም በፈረስና በበቅሎ ነው። ቀንዱን አስቦ ጭነቱን ያላሰበ አዳኝ ከተኰሰ በኋላ ይጨነቃል።

ለአገረ ገዥና ለባለርስት ይልቁን የሚጠቅመው የወሰኑ ነገር ነው። ከ1862 ዓ.ም. ጀምሮ በወጡት ሕጎች መንግሥቱ ለምድር ባቡር ኩባንያዎች መሬት ሲሰጥ፥ በአራቱም ማዕዘን አንድ አንድ ማይል የሆነውን ቁራሽ አንዱን እየሰጠ አንዱን ለራሱ ያስቀር ነበር። በዚህም አገሩ እንደ ሰንጠረዥ ገበታ ሆኖ ቀረ። የኩባንያዎቹም ድርሻ ብዙው ወደ ግል ባለርስቶች እጅ ገባ። የመንግሥቱ ቁራሽ ከሌላው የመንግሥት ቁራሽ ጋራ የሚገናኘው በማዕዘኑ ነጥብ ብቻ ነው። በማዕዘን ብቻ የሚደረስበት የሕዝብ መሬት በምዕራቡ አገር ከ8 ሚሊዮን ኤክር በላይ እንደሚሆን ካርታ ሠሪዎች ገምተዋል።

በ2021 ዓ.ም. ከሚዙሪ ግዛት የመጡ 4 አዳኞች በዋዮሚንግ እንዲህ ያለውን ማዕዘን በሳተላይት በሚመራ ካርታ ፈለጉ። የባለርስቱንም አፈር እንዳይረግጡ የብረት መሰላል አቁመው ከመንግሥት መሬት ወደ መንግሥት መሬት ተሻገሩ። ባለርስቱ ግን፥ አፈሩን ባይረግጡ እንኳ በላዩ ያለውን አየር አልፈዋል በማለት በፍትሐ ብሔር ከሰሳቸው፤ ጉዳቱንም ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ አደረሰው። ርስት በገንዘቡ የገዛ ሰው ወሰኑን ማስከበሩ አያስነውረውም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ዶላር የእርሱ መሬት ዋጋ ብቻ አልነበረም፤ ብዙው እርሱ ብቻ ይገባበት የነበረው የመንግሥት ዱር ዋጋ ነው።

ወሰን በመተላለፍ የቀረበባቸውን የወንጀል ክስ በ2022 ዓ.ም. ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች አይተው ነፃ አወጧቸው። በፍትሐ ብሔሩም በ2023 ዓ.ም. ተፈረደላቸው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2025 ዓ.ም. ፍርዱን አጸናው። መሠረቱ በ1885 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ነው፤ ይኸውም ከብት አርቢዎች የመንግሥቱን ግጦሽ በአጥር እየከበቡ ሌላውን ስለ ከለከሉ ወደ ሕዝብ መሬት መግቢያ መዝጋትን የከለከለ ነው።

ፍርዱ የጠቀመው የግሉን አፈር ሳይረግጥ የሚሻገረውን ነው። ስለዚህ አዳኙ ቀያሾች የተከሉትን የማዕዘን ምልክት ራሱን ማግኘት አለበት፤ አንድ እርምጃ ከሳተ በሰው ርስት ላይ ነው። ሲመለስም ሥጋውን በዚያው ነጥብ ማሳለፍ አለበት፤ በቅሎም መሰላል ስለማትወጣ፥ ሥጋውን በጀርባ ሊሸከሙ በሚችሉት መጠን ከፋፍለው የሚያወጡ ሰዎች አስቀድመው ሊዘጋጁ ይገባል።