ጥርስ የሚያበቅል ዕጢ

ቴራቶማ የሚባለው የኦቫሪ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሲከፈት ፀጉር፣ ወፍራም ቅባት፣ አንዳንዴም ደህና አድርጎ የበቀለ ጥርስ ይገኝበታል። ይህን የሰማ ሰው ያልተወለደ መንታ ወይም የተበላሸ እርግዝና ቢመስለው አይፈረድበትም። ግን ሁለቱም አይደለም። እንቁላል የምትሆን ሴል የወንድ ዘር ሳይነካት በራሷ መባዛት ስትጀምር የሚፈጠር ነው። ይህች ሴል ማንኛውንም የሰውነት ክፍል የመሥራት ዐቅም ስላላት ቆዳም፣ ስብም፣ አጥንትም ትሠራለች። እድገቷ ሥርዓት ስለሌለው ግን ፅንስ አይሆንም። ሴትየዋም ምንም ያጠፋችው ነገር የለም።

አብዛኞቹ ቴራቶማዎች ዴርሞይድ ሲስት የሚባሉት ፈሳሽ የቋጠሩ ከረጢቶች ናቸው፤ ወደ ካንሰር የሚለወጠው ከ100 አንዱ ወይም ሁለቱ ቢሆን ነው። እድገታቸው አዝጋሚ ስለሆነ ብዙዎቹ የሚገኙት ለሌላ ጉዳይ በተደረገ ምርመራ ነው። የሚያስፈራው ዕጢው ከብዶ ኦቫሪውን ከነደም ሥሩ ሲያጠማዝዘው ነው። ያኔ ድንገተኛ ከባድ የሆድ ሕመም ከማስመለስ ጋር ይመጣል፤ እስኪነጋ ተብሎ የሚታደርበት ሕመም አይደለም።

በምስል ምርመራ ዋናው ፍለጋ ስብ ነው። በኦቫሪ ዕጢ ውስጥ ስብ ከታየ ናሙና ሳይወሰድ እንኳ ቴራቶማ ነው ለማለት ይቻላል።

መጀመሪያ የሚታዘዘው አልትራሳውንድ ነው። በሲስቱ ውስጥ ከግድግዳው ወደ ውስጥ የገባ ነጭ ጉብታ ይታያል፤ ፀጉሩም ጥርሱም በብዛት የሚበቅለው እዚያ ላይ ነው። ጉብታው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው የቪየና ሐኪም በካርል ፎን ሮኪታንስኪ ስም ይጠራል። በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፈው ፀጉር ደግሞ ቀጫጭን ነጭ መስመሮችና ነጠብጣቦች ሆኖ ይወጣል። ችግር የሚፈጥረው ፀጉርና ቅባቱ ተደባልቀው የድምፅ ሞገዱን ሲውጡት ነው። ፊተኛው ጠርዝ ብቻ ነጭ ሆኖ ይታይና ከኋላው ያለው ሁሉ ጥላ ይሆናል። የቸኮለ ዐይን የአንጀት ጋዝ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ትልቅ ዕጢ ሳይቀር በዚህ መንገድ ያመልጣል። ጥቂት ታግሦ የተመለከተ ግን አንጀት ሲላወስ፣ ዕጢው ግን እንዳለ ሲቀመጥ ያያል። ለእኔ እዚህ ላይ ከማሽኑ ይልቅ የባለሙያው ትዕግሥት ይበልጣል።

ሲቲ ስካን ስቡን በቁጥር ያሳያል፤ ውሃ ዜሮ በሚሆንበት መለኪያ ስብ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጥርሱም ነጭ ሆኖ ጎልቶ ይወጣል። ጨረር ስላለው ግን ለወጣት ሴት የመጀመሪያ ምርጫ አይሆንም። አልትራሳውንዱ ካላጠራው ኤምአርአይ ይታዘዛል። በአሮጌ ደም የተሞላ ሲስትም በኤምአርአይ እንደ ስብ ደምቆ ስለሚታይ፣ ያው ቦታ የስብን ምልክት በሚያጠፋ ዘዴ እንደገና ይነሳል። የደመቀው ከጠቆረ ስብ ነው፤ እንደደመቀ ከቀረ ደም ነው።

በልጃገረዶችና በወጣቶች ላይ የሚከሰተው ያልበሰለ ቴራቶማ ካንሰር ነው፤ ብርቅ ቢሆንም ጠጣር ክፍሉ የበዛ፣ ስቡ የተበታተነ ዕጢ ሲታይ እሱን መጠርጠር ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ጆሴፕ ዳልማውና ባልደረቦቹ ቴራቶማ ያለባቸው ሴቶች የያዛቸውን የአንጎል ብግነት መንስኤ አሳወቁ። የሰውነት መከላከያ በዕጢው ውስጥ ያለውን የነርቭ ሥጋ ሲያጠቃ የሴትየዋን አንጎልም ይነካል። ባሕርይዋ በድንገት ይለወጣል፣ የሌለ ነገር ታያለች፣ ያንቀጠቅጣታል፤ መጀመሪያ ላይ የአእምሮ ሕመም ብቻ ይመስላል። ስለዚህ እንዲህ ያለች ወጣት ስትመጣ ከአንጎሏ ሌላ ኦቫሪዋም በምስል ይታያል። ዕጢው ቶሎ ወጥቶ መከላከያውን የሚያበርድ መድኃኒት ሲታከልበት አብዛኞቹ ያገግማሉ።