ሌባው የማያየው ባትሪ

ስሙኝማ! ይህን ከማንበባችሁ በፊት የቴሌቪዥኑን ሪሞት ከሶፋው ስር ፈልጋችሁ አምጡ። ስልካችሁን አውጡና የሰልፊውን ካሜራ ክፈቱ። አሁን የሪሞቱን ጫፍ ወደ ካሜራው አዙሩና አንዱን ቁልፍ ተጫኑ። ሪሞቱን በዓይናችሁ ብታዩት ምንም የለም። ስክሪኑ ላይ ግን አንዲት ነጣ ያለች ሐምራዊ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች! (አንዳንድ ስልክ አያሳይም፤ ያኔ የጎረቤት ተዋሱ።)

በቃ፣ የግቢ ካሜራ በድቅድቅ ጨለማ እንዴት እንደሚያይ ግማሹን አወቃችሁት።

የእኛ ዓይን የሚያየው ቀስተ ደመና ላይ ያሉትን ቀለሞች ነው፤ ከሐምራዊው እስከ ቀዩ። ብርሃን ግን ቀዩ ጋ ደርሶ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ1800 ዊልያም ሄርሼል የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በታተነና በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አስቀመጠ። ከቀዩ አለፍ ብሎ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ ያኖረው ቴርሞሜትር ከሌሎቹ ሁሉ በለጠ። ምንም የማይታይበት ቦታ፣ ግን ይሞቃል! ይህ የማናየው ብርሃን ነው ኢንፍራሬድ የሚባለው። እኛ አናየውም እንጂ ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ሲሊከን አሳምሮ ያየዋል።

አሁን ወደ ግቢ ካሜራችሁ ሂዱና ፊቱን በደንብ እዩት። በሌንሱ ዙሪያ ትንንሽ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል አይደል? ለጌጥ የተደረጉ አይምሰላችሁ። ባትሪዎች ናቸው፤ የምር የእጅ ባትሪ የሚሠራውን ሥራ የሚሠሩ፣ ብርሃናቸው ግን ለሰው የማይታይ። ሲመሽ ይበራሉ። ብርሃናቸው ሄዶ አጥሩን፣ ሮቶውን፣ አጥር ላይ የተንጠለጠለውንም ሰውዬ መትቶ ይመለስና ሌንሱ ውስጥ ይገባል። ሌባው ሆዬ ጨለማን ተከናንቤአለሁ ብሎ በእግሩ ጣት ይራመዳል፤ ለካሜራው ግን ግቢው ቦግ ብሎ በርቷል!

ታዲያ ቀን ባለ ቀለም የነበረው ምስል ማታ ለምን ጥቁርና ነጭ ይሆናል? እኔን ያስፈነደቀኝ ይሄ ነው። ካሜራው ቀንም ኢንፍራሬድ ቢገባበት ቀለሙ ይበላሽበታል፤ ቅጠሉ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ስለዚህ ከሌንሱ ኋላ ኢንፍራሬድን የምትከለክል ቀጭን መስታወት ተቀምጣለች። ሲመሽ ካሜራው የብርሃኑን መቀነስ ይለካና አንዲት ትንሽ ኤሌክትሮማግኔት መስታወቷን ገለል ታደርጋታለች። ጠቅ! ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ካሜራው ስር ጸጥ ብላችሁ ቁሙና ስሙ። እኔ ያቺን ድምፅ ስሰማ ነው ነገሩ ሁሉ ፍንትው ያለልኝ፤ በሩ ተከፈተ፣ ባትሪው በራ፣ ያ የማይታይ ብርሃን ገባ። እስኪመሽ መጠበቅ ካቃታችሁ በጠራራ ፀሐይ ፊቱን በደንብ ሸፍኑት፤ ትንሽ ቆይቶ መሽቷል ብሎ ጠቅ ይላል። ኢንፍራሬድ ደግሞ ለዓይናችን ቀለም የለውምና ካሜራው የሚያሳየን ብዙና ጥቂት ብርሃን የተመለሰበትን ቦታ ብቻ ነው፤ ነጭና ጥቁር።

ከዚህ የሚመጣውን ጉድ ስሙ! ብዙ ጥቁር የጨርቅ ማቅለሚያ ኢንፍራሬድን አይውጥም፤ ጨርቁ መልሶ ያንጸባርቀዋል። ስለዚህ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው የሌሊት ምስል ላይ ነጣ ያለ ልብስ ለብሶ ሊታይ ይችላል። የአቮካዶውና የጌሾው ቅጠልም ይነጣል። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ “ነጭ ጃኬት ነው የለበሰው” ብላችሁ ቃል ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ባትሪ አለ፤ 850 እና 940 ናኖሜትር የሚባሉ። የመጀመሪያው ቀረብ ብለው ሲያዩት ደብዘዝ ያለ ቀይ ነጥብ ያሳያል፤ ሁለተኛው ምንም አይታይም፣ ግን ያን ያህል ሩቅ አያበራም። እኔ 850ውን እመርጣለሁ። ቀዩን ነጥብ አይቶ ገና ከአጥሩ ቢመለስልኝ ምን ከፋኝ?

ባትሪ መሆኑ ከገባችሁ ሁለቱ የተለመዱ ችግሮች ራሳቸው ይፈታሉ። ካሜራውን ከመስኮት መስታወት ኋላ ካስቀመጣችሁት ማታ የራሱ ብርሃን ከመስታወቱ ተመልሶ ያሳውረዋል። ሸረሪት ደግሞ ሌንሱ ላይ ድር ካደራች፣ ድሩ ቅርብ ስለሆነ ብርሃኑን ወደ ሌንሱ ይመልስና ምስሉ ነጭ በነጭ ይሆናል፤ ንፋስ በነካው ቁጥርም ስልካችሁ “ሰው ገባ” እያለ ይጮሃል። መድኃኒቱ መጥረጊያ ነው።

እሺ፣ አየው እንበል። ማን እንደሆነ ይለያል? እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ አትሽሹ፣ ማካፈል ብቻ ነው። ምስሉ ከነጥቦች የተሠራ ነው። ለካሜራ ሥራ ለዓመታት ሲሠራበት የኖረው የአውሮፓ ደረጃ የማናውቀውን ሰው በፊቱ ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት ላይ 250 ነጥብ ይፈልጋል፤ የምናውቀውን ለመለየት 125 ይበቃል። የተለመደው ባለ 1080 ካሜራ ወደ ጎን 1920 ነጥብ አለው። 1920 ለ250 ሲካፈል 7.7 ሜትር ገደማ። የሚያየው ስፋት ከዚያ ካለፈ ፊት መለየት ቀረ ማለት ነው። አብዛኛው ሰው የሚገዛው 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ደግሞ ወደ 100 ዲግሪ ስለሚከፈት ይህን ስፋት የሚሞላው ገና ከ3 ሜትር ትንሽ አለፍ ሲል ነው። ሦስት ሜትር! የግቢው በር 8 ሜትር ላይ ከሆነ ሰው መኖሩን እንጂ ማንነቱን አታውቁም። ፊልም ላይ “አጉላው!” ሲባል ፊቱ ጥርት የሚለው ፊልም ስለሆነ ነው፤ ያልተቀረጸ ነጥብ ቢያጎሉት አይወለድም። ለበሩ 6 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው ካሜራ ብትመድቡ ጠበብ አድርጎ ያይና እስከ 8 ሜትር ገደማ ፊት ይለያል።

ከፍታውም እንደዚሁ። ጣሪያው ጫፍ ላይ የተሰቀለ ካሜራ የሚቀርጸው ኮፍያ ነው። ይህ ችግር ካሜራ ለቤት ጥበቃ ከታሰበ ጀምሮ ያለ ነው። ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን የምትባል የኒው ዮርክ ነርስ ከባሏ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1966 ለቤት ጥበቃ ሥርዓቷ የፈጠራ መብት ጠየቀች፤ በ1969 ተሰጣት። በሯ ላይ በተለያየ ከፍታ አራት ቀዳዳ አድርጋ፣ ካሜራው ከኋላቸው ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንሸራተት አደረገች፤ ለረጅሙም ለአጭሩም ፊቱ ጋ እንዲደርስ! መኝታ ቤቷ ሆና በቴሌቪዥን ታየዋለች።

ቀረጻው የት ይገባል? ጎበዝ ዘበኛ ጠዋት ሲጠየቅ “ግንቡም ቆሞ ነበር፣ ዛፉም ቆሞ ነበር” እያለ ሌሊቱን ሁሉ አይዘረዝርም፤ የተለወጠውን ብቻ ይናገራል። መቅረጫውም እንዲያ ነው። አንድ ሙሉ ምስል ይይዝና ከዚያ ወዲህ የተንቀሳቀሰውን ብቻ ይጽፋል። እንደዚያም ሆኖ በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚጽፍ አንድ ካሜራ በቀን 22 ጊጋባይት ገደማ ይበላል። አራት ካሜራ ካላችሁ 1 ቴራባይት ዲስክ በ11 ቀን ገደማ ሞልቶ የድሮውን እየደመሰሰ ይቀጥላል። የመቅረጫውን ሳጥን ሳሎን ቴሌቪዥኑ ስር አታስቀምጡት፤ የገባው ሰው ከነማስረጃው ይዞት ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ እንዳይሞት ለሳጥኑም ለካሜራዎቹም ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ፋብሪካው የሰጠውን ፓስወርድም ቀይሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ያልተቀየሩ ፓስወርዶችን እየሞከረ እልፍ አእላፍ ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን በርቀት ማርኮ ነበር።

አንድ የእኛ አገር ጣጣ ቀረኝ፤ ሰዓቱ። ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ኮሽታ ሰማችሁ እንበል። ጠዋት መቅረጫውን ከፍታችሁ ማክሰኞ 08:00ን ብትፈልጉ የምታገኙት ደብተር ይዘው ከግቢ የሚወጡ ልጆች ነው። ሳጥኑ ቀኑን የሚቀይረው ለእኛ ሌሊት 6 ሰዓት በሚሆንበት ጊዜ ነው፤ የእናንተ ሌሊት 8 ሰዓት ለእሱ ረቡዕ 02:00 ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ለሆነ ነገር ከሰዓቱ ላይ ስድስት ቀንሱና የነጋውን ቀን ክፈቱ። ለዘበኛውም ለቤት ሠራተኛዋም ይህችኑ አስረዷቸው፤ ቀድመው የሚፈልጉት እነሱ ናቸው።