ለወንድምሽ የሚስማር መምቻ ማሽን ልትገዢ ነው? ከመክፈልሽ በፊት ካርቶኑን አንብቢ

ባለፈው ዓርብ ከአል ዐዚዚያ አንዲት እህት የካርቶን ፎቶ በዋትስአፕ ላከችልኝ። «ወንድሜ ደሴ ያለውን ቤታችንን ኮርኒስ ሊሠራው ነው። ይህ ሚስማር የሚተኩስ ማሽን ቅናሽ ላይ ነው አሉኝ። ልግዛለት?» የሚል ድምፅም አስከትላለች። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ጥጉ ላይ በትንሽ ጽሑፍ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ይላል። ያ ማሽን ደሴ ደርሶ ሶኬት ላይ የተሰካ ዕለት መቃጠሉ ነው። «ቆይ፣ እንዳትከፍዪ» ብዬ ጻፍኩላት።

እህቴ፣ አንቺም ምናልባት እንዲህ ያለ ጥያቄ ይኖርሽ ይሆናል። ደማም ውስጥም ሆነ በኮባር በኩል፣ የንጉሥ ፋህድ ድልድይ ወደ ባሕሬን በሚነሣበት በአል ዐዚዚያ የምትሠሩ እህቶች ለዕረፍት ስትሄዱ ከልብስና ከሽቶ ሌላ የሥራ መሣሪያ መያዝ ጀምራችኋል። ደግ አድርጋችኋል። ሽቶ ያልቃል፣ መሣሪያ ግን እንጀራ ይሆናል። ነገር ግን ያለ ዕውቀት የተገዛ መሣሪያ የላብሽን ዋጋ ይበላል። ስለዚህ ለቤት ውስጥ አልፎ አልፎ ሥራ የሚሆን፣ ዋጋው የማይከብድ የሚስማር መምቻ እንዴት እንደሚመረጥ አብረን እንይ።

መጀመሪያ ወንድምሽን ጠይቂው

ስጦታ በድንገት ሲሆን ደስ ይላል፤ መሣሪያ ግን በድንገት አይገዛም። ደውዪና ሦስት ነገር ጠይቂው።

አንደኛ፣ ምን ሊመታበት ነው? በአነስተኛ ዋጋ የሚገኘው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ «18 ጌጅ» የሚባለውን ቀጭን ሚስማር የሚመታ ነው። የሚስማሩ ውፍረት 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ ከ15 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ለዞኮሎ፣ ለበርና መስኮት ዙሪያ ጌጥ፣ ለመሳቢያና ለቀጫጭን ሊስተሎ ተስማሚ ነው። ሞራሌን ከሞራሌ አጋጥሞ ጣሪያ ለማቆም፣ ቆርቆሮ ለመምታት ወይም ደረቅ ባሕር ዛፍ ውስጥ ለመግባት ግን አይችልም፤ ይጎብጣል። ብሎኬት ግድግዳ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም፤ እሱ የድሪልና የፊሸር ሥራ ነው።

ኮርኒስ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ቀጭኑ ሚስማር ራሱ ትንሽ ስለሆነ ቺፑዱ በጊዜ ብዛት ከላዩ እየሾለከ ሊወርድ ይችላል። ለቺፑድ የተሻለ የሚይዘው እንደ ስቴፕለር ሽቦ ሁለት እግር ያለው ነው። ደግነቱ ሁለቱንም፣ ሚስማሩንም የሽቦውን ዓይነትም የሚመታ «ሁለት በአንድ» ማሽን አለ። ለቤት ሥራ ምረጪ ብባል እሱን እመርጣለሁ።

ሁለተኛ፣ እሱ ወይም ጎረቤቱ ኮምፕሬሰር አላቸው? ይህ ጥያቄ ብዙ ገንዘብ ያድንልሻል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ፣ እዚያ ሱቅ ውስጥ የትኛው ሚስማር ይገኛል? ማሽንና ሚስማር እንደ ቁልፍና ጋን ቁልፍ ናቸው፤ ካልተገጣጠሙ ዋጋ የላቸውም። የሚሸጠውን የሚስማር ፓኬት ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። «ኤፍ 30» የሚል ካለበት 30 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው 18 ጌጅ ሚስማር ነው ማለት ነው።

በዓመት ሃያ ሚስማር ብቻ የሚመታ ከሆነስ? እውነቱን ልንገርሽ፤ ጥሩ መዶሻ ግዢለትና የቀረውን ገንዘብ አስቀምጪ።

አራቱ ዓይነቶች

የእጅ ደባሳ፦ መብራትም ባትሪም አይፈልግም፤ በእጅ ተጨምቆ ይመታል። ዋጋው በአሥሮች ሪያል የሚቆጠር ነው። ሶፋ ለማልበስ፣ ጨርቅና ቀጭን ነገር ለመያዝ ይሆናል። ወፍራም እንጨት ላይ ግን አቅም የለውም።

በኤሌክትሪክ ገመድ የሚሠራ፦ ቀላልና ዋጋው መካከለኛ ነው። አጫጭር ሚስማር ለስላሳ እንጨት ላይ ይመታል። ጠንካራ እንጨት ሲያጋጥመው የሚስማሩን ራስ ውጭ ሊያስቀር ይችላል፤ በመዶሻ መጨረስ ነው። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል።

በአየር የሚሠራ፦ ማሽኑ ብቻውን ርካሽ ነው፤ ክብደቱም ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙም አይበልጥም። ውስጡ ሞተር ስለሌለው ዕድሜው ረጅም ነው፤ ጥቂት ዘይት ጠብ ማድረግ ይበቃዋል። ችግሩ ኮምፕሬሰር መፈለጉ ነው። ኮምፕሬሰሩ ከባድ ነው፤ በሻንጣ የሚሄድ አይደለም። ወንድምሽ ጋ ወይም ቀለም ከሚቀባ ጎረቤቱ ጋ ካለ ግን ከዚህ የተሻለ ግዢ የለም። ባለ 18 ጌጁ ማሽን ብዙ አየር ስለማይፈጅ ትንሹ ኮምፕሬሰርም ይበቃዋል።

በባትሪ የሚሠራ፦ ኃይለኛ ነው፤ ገመድ የለውም፤ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ዋጋው ግን በመቶዎች ሪያል ነው። ቅናሽ ስታዪ በደንብ ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ በርካሽ የሚሸጠው ባትሪና ቻርጀር የሌለው ባዶ አካሉ ነው። ወንድምሽ የዚያው ኩባንያ ድሪል ካለው ባትሪውን ሊጋራለት ይችላል፤ ያኔ ባዶውን መግዛት ያዋጣል። ከሌለው ግን ባትሪና ቻርጀር ሲጨመር ዋጋው ሌላ ይሆናል።

ከእነዚህ ሌላ በጋዝ ቆርቆሮ የሚሠራና በባሩድ ጥይት ኮንክሪት የሚበሳ አለ። ሁለቱንም ተያቸው። ጋዙም ባሩዱም በመንገደኛ ሻንጣ አይሄድም።

ፊደሉን ሳይሆን ቁጥሩን

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናዘዝ። ዐረብኛ በዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ፤ እንጀራዬም ትርጉም ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለወንድሜ እንዲህ ያለ ማሽን ስገዛ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ ቁጥሩን ግን አላየሁትም። 110 ቮልት ነበር። አዲስ አበባ ላይ ወንድሜ ሶኬት ላይ ሰክቶ አንድ ጊዜ ጫን አደረገው፤ ጭስ ወጣ፤ በዚያው አበቃ። ሱቁን ልወቅስ አልችልም፤ ጽሑፉ እዚያው ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሳዑዲ ውስጥ ለረጅም ዘመን ቤቶች በ127 ቮልት ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 መንግሥት ቀስ በቀስ ወደ 230 ቮልት ለመሸጋገር ወሰነ። ስለዚህ በአሮጌ ቤቶች ሁለቱም ዓይነት ሶኬት ይገኛል፤ በሱቆችም ከአሜሪካ ገበያ የመጣ የ110 እና የ120 ቮልት ዕቃ አይጠፋም። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው።

ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ሳይሆን ማሽኑ ራሱ ላይ የተለጠፈውን ተመልከቺ። «220-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ከሆነ ለሀገር ቤት ይሆናል። የባትሪ ቻርጀር «100-240» ካለ የትም ይሠራል። ሞተር ያለው ኮምፕሬሰር «60 ኸርዝ» ብቻ የሚል ከሆነ ሀገር ቤት ሲገባ ዝግ ብሎ ይዞራል፤ ይግላልም፤ ተይው። የሳዑዲው ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው መሰኪያ የእኛ ሁለት ክብ ቀዳዳ ውስጥ ስለማይገባ አዳፕተር ጨምሪ።

በዐረብኛ አኃዝ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ያዢ። በዐረቦቹ አጻጻፍ ዜሮ ማለት ነጥብ ነው። የእኛን ዜሮ የሚመስለው ክብ 5 ነው። ክብና ነጥብ ጎን ለጎን ካየሽ 50 ማለት ነው እንጂ ባዶ አይደለም።

ሱቅ ስትገቢ

«ሚስማር» የሚለው ቃል በዐረብኛም «ሚስማር» ነው፤ ሲበዛ «መሳሚር» ይሆናል። ማሽኑን «ሙሰደስ መሳሚር» ይሉታል፤ የሚስማር ሽጉጥ ማለት ነው። «ደባሳ» ካልሽም ይገባቸዋል፤ የስቴፕለሩን ዓይነት ያሳዩሻል። ግን «ሙሰደስ» ብቻውን እውነተኛ ሽጉጥ ማለት ነው፤ ቃሉ ከስድስት የመጣ ነው፣ ባለ ስድስት ጥይት ሽጉጥ። ስለዚህ ሁልጊዜ «መሳሚር» የሚለውን ጨምሪበት።

እነዚህን በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፦
«ካም ቮልት?» (ስንት ቮልት ነው?)
«መዓ ባጣሪያ ወሻሒን?» (ባትሪና ቻርጀር አለው?)
«ፊ ደማን?» (ዋስትና አለው?)
«አብጋ ፋቱራ» (ደረሰኝ እፈልጋለሁ።)
«ጀሪቡህ ቂዳሚ» (ፊት ለፊቴ ሞክረው።)

የመጨረሻዋ ዋናዋ ናት። ዋስትናው ሀገር ቤት ላይከተልሽ ስለሚችል እዚሁ ይሞከር። አንቺ አትሞክሪ፤ ሻጩ ይሞክር። አፍንጫው እንጨት ላይ ሳይጫን ማስፈንጠሪያው ቢሳብ መተኮስ የለበትም፤ ከተኮሰ አትግዢው። ዕቃ ለማወዳደር እንደ ሳኮ ያሉ ትልልቅ መደብሮች ገብተሽ ዋጋውን አይተሽ፣ ከዚያ ወደ ሰፈር የመሣሪያ ሱቅ መሄድ ትችያለሽ። ዋጋው 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ያካተተ መሆኑን ፋቱራው ላይ አረጋግጪ።

አውሮፕላን ማረፊያ ላይ

ከደማም የንጉሥ ፋህድ አውሮፕላን ማረፊያ ስትነሺ ደንቡ ቀላል ነው፦ ማሽኑና ሚስማሩ በሚጫነው ሻንጣ፣ ትርፍ ባትሪው በእጅ ሻንጣ። ማሽኑ ከነሚስማሩ በእጅሽ አይገባም። ባትሪውን ከማሽኑ ንቀዪው፤ ብረቱ የሚነካካበትን ቦታ በፕላስተር ሸፍኚው።

የባትሪውን መጠን ለማወቅ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዢ። 18 ቮልት በ2 አምፔር 36 ዋት ሰዓት ነው፤ በ4 ሲሆን 72፤ በ5 ደግሞ 90። እስከ 100 ድረስ በእጅ ሻንጣ ይዘሽ መግባት ትችያለሽ። ባለ 6 አምፔሩ 108 ስለሚመጣ የአየር መንገዱን ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ ይፈልጋል። ትንሹን ባትሪ ግዢ፤ ለቤት ሥራ ይበቃል።

ፈታሾቹ ሻንጣ ውስጥ ምን እንዳለ ሲጠይቁሽ «ሙሰደስ» አትበዪ! «ዒደት ነጃራ» በዪ፤ የአናጢ መሣሪያ ማለት ነው። ቦሌም ስትደርሺ «ሽጉጥ» ከሚል ቃል ራቂ። ፋቱራው በእጅሽ ይሁን። ለአንድ ወንድም አንድ መሣሪያ መያዝሽን ማስረዳት፣ ሦስት አራት ይዞ ከመከራከር ይቀላል።

ጣት አይተካም

ይህ መጫወቻ አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መረጃ፣ ከ2001 እስከ 2005 በዚያች ሀገር በየዓመቱ ወደ 37 ሺህ ሰዎች በሚስማር መምቻ ተጎድተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል። ከእነሱ 40 በመቶ ያህሉ የግላቸውን ሥራ የሚሠሩ ተራ ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ ለወንድምሽ የምትገዢው ለእያንዳንዱ ሚስማር መጀመሪያ አፍንጫው ተጭኖ፣ ከዚያ ማስፈንጠሪያው የሚሳብበት ዓይነት ይሁን። ማስፈንጠሪያው ተይዞ እያለ እንጨት በነካ ቁጥር የሚተኩሰው ለጀማሪ አይሆንም። የዓይን መከላከያ መነፅር አብረሽ ላኪለት፤ ጥቂት ሪያል ነው። ሌላኛው እጁን ከሚመታበት ቦታ አንድ ስንዝር ያርቅ፤ የተሰካካ ሚስማር ሲያወጣ መጀመሪያ ባትሪውን ወይም የአየር ቱቦውን ይንቀል።

አንድ ነገር ደግሞ ለራስሽ። ማሽኑ አንቺ ክፍል ውስጥ ሲታይ «ትችያለሽ ማለት ነው፤ እስቲ ይህን መደርደሪያ ምቺልን» የሚል ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪ ሠራተኛውን ለጤናው ወይም ለአካሉ አደገኛ በሆነ ሥራ እንዳያሰማራ፣ ለሌላ ሰውም እንዳያሠራ ይከለክል ነበር። በጨዋነት «ሀዛ ኸጢር፣ ማ አዕረፍ» በዪ፤ «ይህ አደገኛ ነው፣ አልችልበትም» ማለት ነው። ችግሩ ከከፋ የሰው ኃይል ሚኒስቴር ስልክ 19911 ነው። ጉዳት ከደረሰ ደግሞ ቀይ ጨረቃ 997። ማሽኑን እስክትሄጂ ድረስ ከነካርቶኑ አሽጊው፤ የቤቱ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ገና ስትገዢው ለማዳም መንገርሽና ፋቱራውን ማሳየትሽም በኋላ ከሚመጣ ጥያቄ ያድንሻል።

ያቺ እህት መጨረሻ ላይ ምን አደረገች? ለወንድሟ ደወለች። ጎረቤቱ ቀለም ቀቢ ነው፤ ኮምፕሬሰር አለው። እሷም ባለ 120 ቮልቱን ትታ ሁለት በአንድ የሆነውን የአየር ማሽን፣ አንድ ፓኬት ሚስማርና መነፅር ገዛች። በቅናሽ ከተባለው ግማሽ እንኳ አልከፈለችም። «ለቀረው ገንዘብ ምን ይሻላል?» ብላ ደግሞ ጠየቀችኝ። «ቺፑዱን ግዢበት» አልኳት።