ድሬዳዋ፦ ለግንባር የቀረበ አየር ማረፊያ

ከቢሾፍቱው የአየር ኃይል ምድብ ከሐረር ሜዳ የተነሳ ተዋጊ አውሮፕላን ጅጅጋ ለመድረስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል፤ ከድሬዳዋ ሲነሳ ግን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ነዳጁ ይተርፋል፤ አብራሪውም ቦምቡን ጥሎ፣ ተመልሶና እንደገና ታጥቆ በዚያው ቀን ደጋግሞ ይወጣል። ድሬዳዋን የጦር አየር ማረፊያ ያደረጋት ይህ ቅርበት ነው። ጣሊያኖችም ይህን ስለሚያውቁ ሜዳውን ለጦር አውሮፕላኖቻቸው ተጠቅመውበታል፤ በ1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ አብራሪዎች የደበደቡትም ለዚሁ ነው።

የቆላ ሜዳ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ሙቀቱ ሲበረታ አየሩ ይሳሳል፤ ክንፉን የሚሸከመውም ሞተሩ የሚስበውም ያንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል፤ ካልሆነም ከቦምቡ ወይም ከነዳጁ መቀነስ ግድ ነው። አቧራውም ሞተር ውስጥ ሲገባ ምላጮቹን ይፍቃል።

ቅርበት ለጠላትም ቅርበት ነው።

በሶማሊያ ወረራ ጊዜ የጎዴ ከተማ ይህን ቀድማ አይታለች። የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማቋቋም የሚታወቁት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ለረሃብ እርዳታ እዚያ ሳሉ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦር ጥቃት ተገደሉ። ከተማዋም በዚያው ወር ተያዘች።

ነሐሴ 11 ቀን ተራው የድሬዳዋ ሆነ። ታንክና መድፍ ያሰለፈው ወራሪ ከተማዋን ከምድር አጠቃ፤ ሚግ አውሮፕላኖቹም ከሰማይ ደበደቡ። የጅቡቲው ባቡር ድልድዮቹ ፈርሰው ከሰኔ ጀምሮ ስለተቋረጠ፣ አየር ማረፊያውን ማጣት ምሥራቁን ሁሉ ማጣት ይሆን ነበር። ሶማሊያ በተዋጊ አውሮፕላን ቁጥር ብትበልጥም፣ አሜሪካ ሠራሽ ኤፍ-5 የሚያበሩት ኢትዮጵያውያን ሚግ-21ን እየጣሉ ሰማዩን ያዙ፤ ታንኮቹንም መቱ። ድሬዳዋ አልተያዘችም። እንደ እኔ ግምት፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ የተገኘው ድል ግማሹ እዚህ ማኮብኮቢያ ላይ ተሠርቷል።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። ሚጎችን በመጣል ስሙ የገነነው ለገሠ ተፈራ አውሮፕላኑን አጥቶ ተማረከ፤ አገሩ የገባው ከ11 ዓመት እስር በኋላ፣ በ1980 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ መንገደኛው ቦታውን የሚያውቀው አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ በሚለው ስሙ ነው። የአየር ኃይሉ ምድብም ከዚያው አልለቀቀም።