ከቆጋ ቦይ የመጣው ብልቃጥ

በዲፓርትመንታችን ምሥራቃዊ መስኮት ሥር አንድ የመስተዋት የዓሣ ገንዳ አለ፤ ውስጡ ከአውራ ጣት የማይበልጡ የቆሮሶ ጫጩቶች ይርመሰመሳሉ። ከመራዊ አካባቢ የመጣ አንድ ተማሪያችን በበጋው ወራት ከቆጋ መስኖ ቦይ በእጁ የለቀማቸውን ቀንድ አውጣዎች በብልቃጥ ይዞ መጣና፣ «ዶክተር፣ እነዚህ የገንዳውን አረንጓዴ ይበሉልናል፤ ሲሞቱም ዓሦቹ በቅርፊታቸው ይጠለላሉ» አለን። ሐሳቡን ያገኘው እኛው በክፍል ውስጥ ስለ ታንጋኒካ ሐይቅ ካወራነው ነውና ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አልነበረም።

ለመሆኑ ዓሣ በቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ ይኖራልን? በእርግጥ ይኖራል። በታንጋኒካ ኒዮታውማ የተባለው ቀንድ አውጣ ሲሞት ባዶ ቅርፊቱ በሐይቁ ወለል ላይ ይቀራል። የሐይቁ ውኃ ፒኤች ወደ 9 የሚጠጋ፣ በካልሲየም ካርቦኔትም የጠገበ በመሆኑ ቅርፊቱ አይሟሟም፤ ለብዙ መቶ ዓመታት እየተከማቸ ሰፊ ንጣፍ ይሆናል። በዚህ ንጣፍ ላይ ቆሮሶ ከሚመደብበት የሲክሊድ ቤተሰብ የሆኑ ትናንሽ ዓሦች ቤት ይሠራሉ። ላምፕሮሎገስ ካሊፕቴረስ የተባለው ወንድ ቅርፊቶቹን በአፉ እየተሸከመ ይሰበስባል፤ ሴቶቹም ገብተው ዕንቁላል ይጥላሉ። ወንዱ በክብደት ሴቷን እስከ 12 እጥፍ ስለሚበልጥ እርሱ ራሱ በሩን አያልፍም። ይሁንና ከትልቁ ወንድ ክብደት ከመቶ 2.5 ገደማ ብቻ የሚመዝን ድንክ ወንድ አለ፤ ይህ ሴቷን በጎን አልፎ ወደ ጠባቡ የጠመዝማዛ ጫፍ ይገባና ዕንቁላሉን ከዚያ ሆኖ ያዳብራል። አንድ ሰው የቱቦን ዲያሜትር ጥቅም ለተማሪ ማስረዳት ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

እነዚህን ዓሦች በገንዳ የሚያረቡ ሰዎች ደቃቅ አሸዋ፣ ከዓሦቹ ቁጥር የሚበልጡ ባዶ ቅርፊቶችና ማዕድን የበዛበት ውኃ ያዘጋጃሉ። ሕያው ቀንድ አውጣ ሲጨምሩም ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ሜላኖይደስን ነው። ቅርጹ እንደ ብሎን ሹል ነው፤ ቀን አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ሌሊት ስለሚወጣ ከዓሦቹ ጋር እምብዛም አይጋጭም። በደጃፋቸው ሲያልፍ ግን ይገፉታል። ቁጥሩ ከልክ በላይ ከበዛ፣ ባለ ገንዳው ምግብ አብዝቷል ማለት ነው።

በምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈሩ አሲዳም ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበትና ማዕድን ያነሰው ውኃ ደግሞ ቅርፊትን ቀስ በቀስ ይበላል፤ ጫፉ ይነጣል፣ ይቦረቦራል። ጥቂት የተሰባበረ የኖራ ድንጋይ ከገንዳው ሥር ማድረግ ይረዳል። የተቃጠለ ኖራ ግን ፒኤቹን በአንዴ ስለሚያንረው ዓሦቹን ይፈጃቸዋል።

አሁን ወደ ብልቃጡ እንመለስ። ቀንድ አውጣዎቹ እንደ ገመድ ጥቅልል ጠፍጣፋ ነበሩ፤ ሜላኖይደስ በሩን የሚዘጋበት ክዳንም አልነበራቸውም። ይህ ቅርጽ የባዮምፋላሪያ ነው፤ በአገራችን የአንጀት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ወገን። ከሕመምተኛ ዐይነ ምድር ጋር ውኃ ውስጥ የገባ ዕንቁላል ይፈለፈላል፤ እጩም ቀንድ አውጣው ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከሳምንታት በኋላ ሰርካሪያ የተባሉ በሺህ የሚቆጠሩ ረቂቅ ትሎች ይወጣሉ። መውጫቸውን የሚቀሰቅሰው ብርሃን ነው፤ የእኛ ገንዳ ደግሞ መስኮት ሥር ነው! ሰርካሪያ ባለ መንታ ጅራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በኔቸር ፊዚክስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ መንታው ጅራት ከግንዱ ጋር የ«ቲ» ቅርጽ ሠርቶ በመተጣጠፍ ለእንዲህ ያለ ደቃቅ ፍጡር እንደ ማር የሚወፍረውን ውኃ ይገፋል። ቆዳን ለመብሳት ደቂቃዎች ይበቁታል።

አንዲት ተማሪ እንዶድ እንጨምር አለች። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ማስተዋላቸውን ታስታውሳለች። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ይገድላል።

ስለዚህ ጓንት አጥልቀን፣ በብልቃጡ ግድግዳ ላይ የተጣበቁትን ዝልግልግ የዕንቁላል ከረጢቶች በጥንቃቄ ፍቀን በንጹሕ ውኃ አጠብናቸው፤ ወደ ሌላ ዕቃም አዛወርናቸው። ቢልሃርዚያ ከእናት ቀንድ አውጣ ወደ ዕንቁላል አይተላለፍምና፣ የሰው ዐይነ ምድር በማይደርስበት ውኃ የተፈለፈሉት ንጹሓን ናቸው። ትልልቆቹንና ውኃቸውን ቀቀልናቸው። ባዶ ቅርፊቶቹ ደርቀው ዛሬ በገንዳው ወለል ላይ አሉ፤ የእኛ ቆሮሶዎች ግን ዕንቁላላቸውን በአፋቸው የሚያቅፉ ናቸውና ዞር ብለው አላዩዋቸውም።

ተማሪያችንን ወደ ጤና ጣቢያ ላክነው። «እኛ እኮ ቦዩ ውስጥ ዋኝተን ያደግን ነን» እያለ ሄደ። የመጀመሪያው የሰገራ ምርመራ ዕንቁላል አላሳየም፤ ትሉ ዕንቁላል መጣል የሚጀምረው ሰውነት ውስጥ ከገባ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ ግን ሐኪሙ ሌላ ቀጠሮ ሰጠው። ከተገኘበትም ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት አለ። ቀጠሮው የፊታችን ማክሰኞ ነው።